ጥቁር ውሃ ሲጎድል

ባለፈው ጥቅምት አክስቴን እታለምን ልጠይቅ ወደ መንደራችን ሄጄ ነበር። ከደባርቅ እስከ መገንጠያው ባጃጅ ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። ወንዙን ገና ሳላየው አፍንጫዬ ቀድሞ ደረሰበት። የበሰበሰ ቅጠልና ዝናብ የመታው ብረት የተቀላቀሉበት የጥቁር ጭቃ ሽታ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያሸተው ፊቱን ያጨማድድ ይመስለኛል። እኔ ግን ሃምሳን ያለፍኩ ሴትዮ መሆኔን ረስቼ፣ አፋፉ ላይ ተቀምጬ እስኪበቃኝ ሳብኩት። የልጅነቴ የአንድ ዓመት ክረምትና መኸር ከሽታው ጋር ተግተልትሎ መጣ።

ወንዛችን ትንሽ ነው። በበጋ ፍየል ትዘለዋለች፣ በነሐሴ ግን በሬ ይወስዳል። ስሙም አንድ አይደለም። ከላይ፣ ከጽዶቹ ሥር ሲፈልቅ ጽድ ምንጭ ይሉታል። ወደ እኛ ወርዶ የገብሱን እርሻና ግጦሹን ሲያቋርጥ ጥቁር ውሃ ይሆናል። ከእኛ በታች መሬቱ በድንገት አልቆ ወደ ቆላው ሲወረወር፣ የታች መንደር ሰዎች ጩኸት ብለው ይጠሩታል። ልጅ ሆኜ ሦስት ወንዝ ይመስለኝ ነበር። የሚያናድደኝ ደግሞ የእኛው ስም ነው፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ የሚያስቆጥር ውሃ ጥቁር መባሉ። አባቴን ስጠይቀው፣ "ስም ያወጣለት ሰውየ ዓይኑን ጨፍኖ ይሆናላ" ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

ያን ዓመት በግንቦት አባቴ ከገበሬ ማኅበሩ ለሚሊሺያ ከተመረጡት ጋር ዘመተ። በደርግ ጊዜ ሰው በየዓመቱ ይሄድ ስለነበር ነገሩ ለመንደሩ አዲስ አልነበረም። ለእኛ ቤት ግን አዲስ ነበር። እናቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ልንሸኘው እስከ መሻገሪያው ወረድን። መሻገሪያው ላይ ሰባት ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ክረምት ሲገባ ሰባቱም ይሰጥማሉ፣ ከመስቀል በኋላ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። መሐል ያለችው ጠፍጣፋዋ የመጨረሻዋ ናት፣ እስከ ኅዳር አትታይም። አባቴ እሷ ላይ ቆሞ ዞር አለና ስሜን ጠራ።

"ስመኝ፣ ውሃው ሲጎድል እመጣለሁ። ይችን ድንጋይ ደርቃ ስታዪያት፣ አባየ መጣ በይ" አለኝ።

አሁን የምናገረውን ያኔ አላውቅም ነበር። እናቴ በነሐሴ አጋማሽ ሴት ልጅ ተገላገለች። በጳጉሜ፣ ከአባቴ ጋር የዘመተ አንድ የታች መንደር ሰው ቆስሎ ተመለሰና የአባቴን መሞት ለእታለም ነገራት። እታለም የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ የክርስትና ስሟ ሌላ ቢሆንም አገሩ ሁሉ እታለም ነው የሚላት። በእኛ ዘንድ ደግሞ ለአራስ መርዶ አይነገርም። ድንጋጤ ወተት ያደርቃል ይባላል። እናቴ ከዚያ በፊት ሁለት ሕፃናት ቀብራለች፣ የቤታችን ላምም በዚያ ዓመት ነጥፋለች፤ የእናቴ ጡት ከደረቀ ለሕፃኗ የሚሰጣት ነገር አልነበረም። ስለዚህ እታለምና የንስሐ አባታችን ተመካክረው፣ ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ነገሩ በሆድ ይያዝ አሉ። መንደሩ በሙሉ አወቀ። ያላወቅነው እናቴ፣ እኔና ሕፃኗ ነበርን።

እኔ የታየኝ የሰው ደግነት ብቻ ነው። እስከዚያ "ይች ለፍላፊ" እያሉ ከበራቸው የሚያባርሩኝ ሴቶች፣ በመንገድ ሲያገኙኝ ጭንቅላቴን ይስማሉ፣ የተቆላ ባቄላ በነጠላዬ ጫፍ ይቋጥሩልኛል። ከክፍሌ ሁለተኛ ስለወጣሁ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንደኛ ብወጣ ምን ሊያደርጉልኝ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ።

እታለም እናቴን ልታርስ ጓዟን ይዛ እኛ ቤት ገባች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከል ለባሽ ስለነበረች፣ አዲሱን ሐዘኗን ልብሷ ላይ ማንም ሊያይባት አይችልም ነበር። እናቴ ውሃ እንዳትነካ፣ ንፋስ እንዳይመታት ከልክላ በአንድ እግሯ ቆማ ታርሳታለች። ወደ ወንዝ የምወርደው እኔ ሆንኩ። ማለዳ እንስራዬን አዝዬ ስመለስ እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ትጠብቀኛለች።

"እሽ፣ ወንዙ እንዴት አደረ?"

"ተቆጥቷል። የበሶ ቀለም አለው።"

"ድንጋዮቹስ?"

"አንድም የለም።"

በመስከረም መጨረሻ አንድ ቀን እየሮጥኩ ገባሁ። "አንዷ ታየች እማየ!"

"ማንኛዋ?"

"ወዲያ ማዶ፣ ወፍ የምትቆምባት።"

"ስድስት ቀርተዋላ!" አለችና ሳቀች፤ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ፣ "ሰማሽ? አባትሽ ስድስት ድንጋይ ቀርቶታል" አለቻት። እታለም ምድጃው ላይ አጎንብሳ እሳቱን እፍ ትል ነበር። እሳቱ ግን በደንብ እየነደደ ስለነበር ለምን እፍ እንደምትለው አልገባኝም።

ከዚያ ወዲያ የእናቴ ቀን የሚመሸው በእኔ አፍ ሆነ። ከቤት ስለማትወጣ ወንዙን ቆራርሼ አመጣላታለሁ፤ ቄጤማው ምን ያህል እንደቆመ፣ አረፋው የት እንደሚጠራቀም፣ ጦስኙ አብቦ ዳሩ እንዴት እንደሚሸት። የሌለም ጨምሬበታለሁ። አንድ ቀን ዓሣ አየሁ አልኳት፤ በወንዛችን ዓሣ ኖሮ አያውቅም። "ትልቅ ነው?" አለችኝ እንጂ ውሸታም አላለችኝም። ዓይኗን ጨፍና ስትሰማኝ፣ ከአልጋዋ ሆና እግሯን ውሃው ውስጥ የነከረች ይመስለኝ ነበር። ያን ያህል ደስ ብሎኝ ያወራሁበት ጊዜ በሕይወቴ የለም።

በጥቅምት ትምህርት ቤት አንድ ከጎንደር የመጣ መምህር ነበረን። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጠማዘዘ መስመር ሳለና፣ "ወንዝ እንደ ሰው ነው" አለን። "ልጅነት አለው፣ ይሮጣል። ጉልምስና አለው። ሲያረጅ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። እያንዳንዳችሁ የመንደራችሁን ወንዝ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከትላችሁ ጽፋችሁ አምጡ።"

ይህን ለእታለም ስነግራት ወዲያው እሺ አለችኝ፤ ገረመኝ። በማግሥቱ እሑድ ነበርና፣ ጎረቤት ከእናቴ ጋር አስቀምጣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዛኝ ወጣች።

መጀመሪያ ሽቅብ ወደ ጽዶቹ ወጣን። መነሻው የመዳፌን ያህል ነው። ከሥር ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ድምፅ የለውም። እታለም የወደቀውን ቅጠል በእጇ ጠረገችለትና አማተበች። "ይኸው ልጅነቱ" ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ቁልቁል ተከተልነው። በድንጋይ መሐል እየተንሾካሾከ ይወርዳል፣ ኮሶው ሥር ይደበቃል፣ ግጦሹ ላይ ሲደርስ ፀሐይ ይሞቃል። ጥላችን ከጎኑ አብሮን ይወርድ ነበር። እኛ እንሂድ እሱ ይሂድ አንዳንዴ ይምታታብኝ ነበር።

ከግጦሹ በታች ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። ውሃው እዚያ ይረጋል፣ ዳሩም እንደ ጥላሸት የጠቆረ ጭቃ ነው። ልጠጋ ስል እታለም ክንዴን ያዘችኝ። "ተይ፣ ያሰምጣል" አለች። የአገራችን ሴቶች ሐዘን ሲደርስባቸው ነጭ ቀሚሳቸውን በቅጠል ውሃ ዘፍዝፈው እዚያ ጭቃ ውስጥ ቀብረው ነው ከል የሚያደርጉት። ወንዙም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ይህ ለልጅ አይነገርም፤ እኔም ያሰምጣል የተባለውን አምኜ አለፍኩ።

ጩኸት የደረስነው ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ነው። ሣሩ አለ፣ አለ፣ ከዚያ መሬት የለም። ወንዙ ለማቆም እንኳ አያስብም፤ ከነሩጫው ይዘላል። ከሥር ጉም ይነሣል፣ ከጉሙ ወዲያ ቆላው ሰማያዊ ሆኖ እስከ ዓይን ማብቂያ ተዘርግቷል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ደብተሬን ይዤ ቆምኩ፤ የምጽፈው ጠፋኝ።

"እታለም፣ እርጅናውስ የታል?" አልኳት።

"የምን እርጅና?"

"የወንዙ። መምህራችን ሲያረጅ ሜዳ ላይ ቀስ ይላል ብሎናል። ይኸ ግን ገና እየሮጠ ገደል ገባ። የእኛ ወንዝ እርጅና የለውም?"

እታለም አየችኝ። እጄን ለቃ ወደ አፋፉ ድንጋይ ሄደችና፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና አፏን ከፈተች። "ፈንታየ! ወንድም ጋሻየ! ወንድም ጋሻ!" የፏፏቴው ድምፅ ጩኸቷን ወዲያው ይውጠዋል፤ አጠገቧ ሆኜ እንኳ በግማሽ ነው የምሰማው። ጦርነቱ ወደዚያ ነው ሲባል ሰምቼ ነበርና፣ አባቴን በስሙ እየተጣራች መሰለኝ። ማንም ስላልከለከለኝ እኔም ከጎኗ ቆሜ ጮህኩ።

"አባየ! ሕፃኗ ሴት ናት! አራት ድንጋይ ታይቷል! አራት!"

እታለም ድንግጥ ብላ ዞረች። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጣ አቀፈችኝ። ፊቷ በሙሉ ረጥቦ ነበር፤ የፏፏቴው ፍንጥቅጣቂ እኔንም አርሶኛል።

"ሰምቶን ይሆን?" አልኳት።

"ይሰማል ልጀ፣ ለምን አይሰማም።" ድምፅዋ ሻክሮ ነበር። "ጩኸት ድረስ ወረድን ብለሽ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ገደል ነው ብላ ትቆጣናለች።"

አርባ ቀን ገደማ በሆዷ የያዘችውን ለቅሶ የምታስወጣበት ሌላ ቦታ እንዳልነበራት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያን ቀን ግን በመንገድ ሁሉ ደስተኛ ነበርኩ። ደብተሬ ላይም፣ "የእኛ ወንዝ አያረጅም። ከገደል ይዘልና ሌሎች ሰዎች ይወስዱታል" ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ "አስተካክዪ" ብሎ መለሰልኝ።

ክርስትናው ሲቃረብ እናቴ ሙዳዩንና ሳጥኗን ታገላብጥ ጀመር። አባቴ ከደባርቅ ገበያ የገዛላት፣ ከታች አረንጓዴ ጥለት ያላት ነጭ ቀሚስ ጠፋች።

"እታለም፣ ያች ነጯን አላየሻትም?"

"አይጥ በልቷት ይሆናል። ሌላዋን ልበሺ።"

"አይጥ ሙሉ ቀሚስ ይበላል?"

"የዘንድሮ አይጥ ምን የማይበላው አለ" አለች እታለም፣ ቀና ሳትል።

እኔ አይጡን አላመንኩም። ሌባ ነው አልኩ፤ ሌባውን የምይዘውም እኔ ነኝ። ለክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀር ድንጋዮቹን አይቼ ስመለስ፣ በዚያ መታጠፊያ ላይ ሰው ሆን ብሎ የደረደራቸው የሚመስሉ ሦስት ድንጋዮች አየሁ። ከሥራቸው የአረንጓዴ ጥለት ጫፍ ብቅ ብሏል። ያሰምጣል የተባለው ጭቃ ቁርጭምጭሚቴን እንኳ አልያዘኝም። ድንጋዮቹን አንከባልዬ ጎተትኩ፤ የእናቴ ቀሚስ ጥቁር ሆና፣ ከብዳ፣ እየተንጠባጠበች ወጣች።

ሌባው እስኪመለስ ደብቋት ነው! እንዶድ ለቀምኩ፣ በድንጋይ ወቀጥኩ፣ አረፋው እስከ ክርኔ እስኪደርስ አሸሁ። ጥቁሩ ውሃ እየተግተለተለ ቁልቁል ይሄዳል፤ አሸዋለሁ፣ እንደገና ይወጣል። እጄ ተላጠ። ትምህርት ቤት ሳልሄድ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ቀጋው ላይ ሳሰጣት የወጣላት ነጭ ሳይሆን አመድማ ነበር። ቢሆንም ልቤ ቅቤ ጠጣ። አጣጥፌ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ እታለም ጌሾ ፍለጋ ጎረቤት መሄዷን አረጋግጬ ገባሁ።

እናቴ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። "እማየ፣ ምን እንዳገኘሁልሽ እይ!" ብዬ ዘረጋሁላት።

ፈገግ ማለት ጀመረችና ፈገግታዋ መሐል ላይ ቆመ። የቀሚሷን ጫፍ በአንድ እጇ ሳበች፣ ወደ አፍንጫዋ ወሰደች። ጥለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ "ስመኝ፣ ሕፃኗን እይልኝ። ትውጣለች?" አለችኝ።

"ምን?"

"ጉሮሮዋን እይልኝ። ወተቱን እየዋጠች ነው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ትንሿ ጉሮሮ ከፍ ዝቅ ትላለች። "እየዋጠች ነው" አልኳት።

"በደንብ እይ።"

"እየዋጠች ነው እማየ። በከንፈሯም ይፈስሳል።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗን ጨፍና እስክትገልጥ ጠበቅሁ። "የት አገኘሽው?" አለች።

"ወንዙ መታጠፊያ፣ ጭቃው ውስጥ። ድንጋይ ተጭኖበት።"

"ማንም አላየሽም?"

"ማንም።"

"ጎሽ። አሁን ወስደሽ ወደነበረበት መልሺው። ድንጋዩንም እንደነበረ አድርጊው።"

ጆሮዬን አላመንኩትም። "ቀኑን ሙሉ እኮ ነው ያጠብኩት! እጄን እይ!"

እጄን ይዛ ሳመችው። "አውቃለሁ የኔ ዓለም። ለእታለም ግን አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። እኔም እንዳየሁት እንዳትነግሪያት።"

"ለምን?"

"ስንት ቀን ደክማበታለች" አለችኝ።

በመንገድ ላይ ሁሉንም ያወቅሁት መሰለኝ። እታለም ለክርስትናው እናቴን ልታስደንቃት አዲስ ቀለም እየነከረችላት ነበር፤ እኔ ሞኟ አበላሸሁት፣ እናቴም ያላየች ለመምሰል ወሰነች። እንዲህ ሳስበው ደስ አለኝ። ቀሚሷን ጭቃው ውስጥ አስተኝቼ፣ ሦስቱን ድንጋዮች በየቦታቸው መልሼ፣ የእግሬን ዱካ በቅጠል አጠፋሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ስለ ወንዙ አልጠየቀችኝም።

በክርስትናው ጠዋት ውሃ ስቀዳ ሰባተኛዋ ድንጋይ ታየች። ዘልዬ ቆምኩባት፤ እግሬ አልረጠበም። እንስራውን እዚያው ትቼ ሮጥኩ። እናቴ በግቢው በእንግዶች ተከብባ ነበር። ጎትቼ በጆሮዋ፣ "ታየች፣ ደርቃለች" አልኳት።

"እግርሽን ሳታረጥቢ ቆምሽባት?"

"አዎ!"

"እንግዲህ ጎደለ" አለችና ነጠላዬን አስተካከለችልኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እልልታው ቀለጠ። ከሁሉም ድምፅ የእናቴ በለጠ። ጠላ ቀዳች፣ ቄሶቹን አጎረሰች፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ጎንበስ ብላ አሜን አለች። እታለም ከበሩ ጥግ ቆማ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። አመሻሽ ላይ መጥታ፣ "ደስ ብሎሻል?" ብላ ስትጠይቃት ሰማሁ። "እንዴታ፣ እድሜ ላንቺ" አለቻት እናቴ።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ግቢያችን በኮቴ ተሞላ። ማንም አይናገርም። የንስሐ አባታችን ከፊት፣ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላቸው፣ እታለም አንድ ነገር በነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ገቡ። እናቴ ለባብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። ካህኑን ስታይ ልጅቷን ከጡቷ አላቅቃ ለእኔ ሰጠችኝ። "አጥብቀሽ ያዣት" አለችኝ።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን..." ብለው ጀመሩ እሳቸው። አልጨረሱም። እናቴ ተነሥታ ደረቷን መታች። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የአባቴን ስም ስትጠራ ነው እኔም መሞቱን የሰማሁት። ሕፃኗን ይዤ ስለነበር ልወድቅ አልቻልኩም። ሴቶቹ እናቴን ደግፈው "አሁን ገና ሰማች፣ እኔን!" ይላሉ። እኔ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። እታለም ከነጠላዋ ሥር ጥቁሩን ቀሚስ ልታወጣ ስትጀምር፣ ገና ጫፉ ሳይታይ፣ የእናቴ እጅ ሊቀበለው ተዘርግቶ ነበር።

የሕፃኗ ሆድ ሞልቶ ስለነበር ያ ሁሉ ሲሆን ክንዴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ወተቱም አልደረቀም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ከወንዙ ዳር ተነሥቼ ቤት ስደርስ እታለም መደቡ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ዓይኗ ጠፍቷል፣ በእጇ ፊቴን ዳስሳ ለየችኝ።

"ወንዙ እንዴት ዋለ?" አለችኝ።

"አምስት ድንጋይ ታይቷል።"

ከዚያ፣ "ታውቂያለሽ ስመኝ፣ እኔ በዚህ ዓለም ይኸ ነው የሚባል ሥራ አልሠራሁም" አለች። "አንድ ነገር ግን ሠርቻለሁ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያን ሰማንያ ቀን ደስ ብሏት ነው የጨረሰችው። እልልታዋ ትዝ ይልሻል?"

"ይለኛል። ከሁሉም የእሷ ይበልጥ ነበር።"

እጄን ጨበጥ አደረገችው። "ምንም አላወቀችም፣ አይደል?"

"ምንም አላወቀችም እታለም" አልኳት፤ ጋቢዋንም እስከ ትከሻዋ ሳብኩላት።